የአባቴ መንታ

ዓለም ለሁለት መከፈሏን የተማርኩት በስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ነው። ያደጉ አገሮች በአንድ ቀለም፣ በማደግ ላይ ያሉት በሌላ ቀለም ተቀብተው ነበር። መምህራችን «እኛ በማደግ ላይ ነን» ሲል ትናንት የተተከለ ችግኝ የሚያሳየን ይመስል ፊቱ ይበራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ አድጌ፣ ቤት ተከራይቼ፣ የጥርስ ሕመም እንኳ ጀምሮኛል። አገሬ ግን እስከ ዛሬ በማደግ ላይ ናት።

በመጽሐፍ የተማርኩትን ያመንኩት ዘግይቼ ነው፤ አንዲት ፈረንጅ ሐኪም የእጅ ቦርሳዋን ስትከፍት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር ነው። ከውጭ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ለዐሥር ቀን በነጻ እንደሚያክሙ በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። አባቴን ጎትቼ ወሰድኳቸው። መጎተት ስል የምሬን ነው፤ እሳቸው መሄዱን አላሰቡትም።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የፍየል ቆዳ ወጥረውና ፍቀው ብራና ያወጣሉ፣ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ መቃ ቀርጸው መጽሐፍ በእጃቸው ይጽፋሉ። ማተሚያ ቤት በሞላበት ዘመን ይህን የሚሠራ ሰው ብዙ አልቀረም። በዚያ ሰሞን ለደብራችን አንድ ትልቅ የጸሎት መጽሐፍ ጀምረው ነበር፤ የቀድሞው በእጅ ብዛት አልቆ ቅጠሉ ይረግፍ ነበርና። «ይቺን ጨርሼ መቃዬን እሰቅላለሁ» ይሉ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከዚያ መጽሐፍ በቀር ጠዋት ከመኝታቸው የሚያስነሳቸው ነገር አልነበረም።

በቤታችን ልማድ ጥቁሩ ቀለም አስቀድሞ ይጻፋል። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተዋል። ጥቁሩ ከዳር እስከ ዳር ሲያልቅ ጸሐፊው ታጥቦና ጾሞ፣ ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል ተነሥቶ ስሞቹን ይሞላል። ልጅ ሳለሁ እነዚያን ክፍት ቦታዎች አይቼ «አባባ፣ እዚህ ጋ ረሱ» ብያቸው ነበር። ሳቁና «አልረሳሁም፤ ቦታ እየያዝሁ ነው» አሉኝ።

እኒህ ሰው በር ይገጩ ጀመር። መንገድ ላይ ከጎን የሚመጣ ሰው ትከሻ ይመታሉ። ከጎናቸው ሆኖ ሰላም ያላቸውን ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ሰፈሩ «የኔታ ኮሩ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሲጽፉ ግን ምንም የጎደለባቸው ነገር የለም። ጸሐፊ የመቃውን ጫፍ እንጂ ሌላ አያይም። ዓይናቸው ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ሲመጣ፣ መሐሉን ብቻ የሚፈልገው ሥራቸው በሽታውን ደበቀላቸው።

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ ቀጭን ሴት ነበረች። ዓይናቸውን በመሣሪያው ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ አጠገቧ ለቆመው ነርስ ነገረችው፤ እሱም ወደ አማርኛ መለሰልን።

«ግላኮማ ነው የኔታ። የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታ ይጠብቀዋል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ዕድሜ ልክ።»

«ዕድሜ ልክ ፈረዱብኝ በላ» አሉ አባቴ።

ነርሱ ሲተረጉምላት ሳቀች። ወንበሯን አስጠግታ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ በጣቷ የራሷን ዓይን አሳየች። የተናገረችውን ነርሱ አላመነም መሰለኝ፣ ደግሞ ጠየቃት።

«እሷም አለባት የኔታ። ከታወቀባት ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ታዲያ በምን ዓይንዎ ነው የኔን ዓይን የሚያዩልኝ?»

«በጠብታው ነው ትላለች።»

ዕድሜያቸውን ጠየቀቻቸው። ነርሱ የእኛን ዘመን ወደ እነሱ ዘመን በጣቱ እየቆጠረ ሲያሰላ ሁለቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሆኑ። አባቴ በዚህ በጣም ተደሰቱ። «መንታዬ ናት በላት! አንዳችን እዚያ አንዳችን እዚህ ወድቀን ነው በላት!»

ቦርሳዋን የከፈተችው ያን ጊዜ ነው። ማበጠሪያ፣ ቁልፎች፣ መሐረብ፣ ማስቲካ። የጀመረቻት ጠብታ ከማስቲካው ጋር ተኝታለች። ለመንገድ ብላ የያዘቻቸው ሦስት ያልተከፈቱ ብልቃጦች ከሥር ነበሩ፤ ሦስቱንም አውጥታ በአባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ሆስፒታሉ ጠብታው ካለቀበት ወራት ሆኖታል ብሎ ነርሱ ነግሯት ነበር። እሷስ ምን ታደርጋለች ብዬ አስጠየቅኳት። ስትመለስ ከቤቷ ማዶ እንደምትገዛ ነገረችኝ። ሰው ጨው አልቆበት ወደ ሱቅ ሲላክ በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረችው። በሚመጣው ጥቅምት ተመልሳ እንደምታያቸውም ነገረችን።

ያቺ ማስቲካ እስከ ዛሬ አትረሳኝም። የዓለም ካርታ ሳይ የምትታየኝ እሷ ናት። በአንዱ ቀለም የአንድ ሰው ዓይን ከማስቲካ ጋር ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሌላው ቀለም ደግሞ አባቴ ሦስቱን ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ቤት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ባጃጅ ይንጠናል ብለው እንቢ አሉ።

አንዷ ብልቃጥ ለአንድ ወር ትበቃለች ተብለናል። ከተከፈተች ከወር በላይ እንዳትቆይም ነርሱ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ከጥር በፊት ሌላ ማግኘት ነበረብኝ።

የምሠራው ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለች የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ግጥሞቼን የምጽፈው በተበላሹ ኮፒዎች ጀርባ ላይ ነው፤ አንዱ ገጽ የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሌላው ገጽ የኔ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ውጭ ለማመልከት ይመጣሉ፤ ቅጹን እኔ እሞላላቸዋለሁ። አገር የሚል ሳጥን አለ። ሲነኩት የዓለም አገሮች ሁሉ በፊደል ተራ ይወርዳሉ፤ እዚያ ሀብታሙና ድሃው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። ልዩነቱ የሚመጣው ከመረጡ በኋላ ነው። አንዳንዱን አገር የመረጠ ሰው ቅጹ እዚያው ያልቅለታል። የእኛን ሲመርጥ ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ የባንክ ማስረጃ፣ የቋንቋ ፈተና፣ ትምህርቴን ስጨርስ ወደ አገሬ እመለሳለሁ የሚል ቃል። ከእጄ ያለፈው ሁሉ እመለሳለሁ ብሏል። እኔው ነኝ የጻፍኩለት።

አንድ ቀን ሰው ሲጠፋ የጠብታውን ስም ጽፌ ፈለግሁ። በሐኪሟ አገር ያለ መድኃኒት ቤት ነገ ከቤትዎ አደርሳለሁ ይላል። የብልቃጧን ሥዕል ነካሁ። አገር ጠየቀኝ፤ ወርጄ ኢትዮጵያን መረጥኩ። ገጹ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በጣም በትሕትና።

ፒያሳ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ዞርኩ። አንዱ ባለመድኃኒት በመጨረሻ ፊቴን ከመልመዱ የተነሣ ገና ከደጅ ሳለሁ ራሱን ይነቀንቅልኝ ጀመር።

«የለም እህቴ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ዶላር ሲመጣ።»

«ዶላሩስ?»

«መድኃኒት ስንልክላቸው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ፊት በመተማ በኩል ከሱዳን ይገባ ነበር። አሁንማ እነሱም ሸሽተው ወደኛ እየመጡ ነው። ትናንት አንዱ ካርቱም መድኃኒት ቤት የነበረው ሰው መጥቶ የስኳር መድኃኒት ለመነኝ» አለኝ።

ድሃም ደረጃ እንዳለው አላውቅም ነበር። እኛ ከሱዳን እንጠብቅ ነበር፤ ሱዳን ከሌላ ትጠብቅ ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል።

ጥር አለፈ። አባቴን «አለቀች?» ስላቸው «አለች» ይሉኛል። የካቲት፣ መጋቢት፣ «አለች»። ሁዳዴ ሙሉውን አለች። «በረከት አድሮባታል» አሉኝ አንድ ቀን። እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። የአንድን ሰው ጫማ አይቼ ከየት እንደመጣ እናገራለሁ፣ የተማሪን ጽሑፍ አይቼ ከማን እንደገለበጠው አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አልመረመርኩም። ጠብታዋ መቆየቷ ደስ ብሎኝ ነበር። በየመድኃኒት ቤቱ ከመዞር አርፌያለሁ፣ ግጥም እጽፋለሁ። ይህን ደስታዬን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት።

ሦስተኛዋ ያለቀችው በሐምሌ ነው። ነሐሴ ላይ አይከል አንድ ብልቃጥ አለ ብሎ አንድ ደንበኛችን ነገረኝና በሚኒባስ ሄድኩ። መንገደኛው ሦስት ቦታ ተፈትሾ ያልፋል። ሱቋ ጥቂት መድኃኒት እንጂ ብዙ የላትም፤ ባለቤቷ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። ብልቃጧን አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። ጀርባዋን አነበብኩ።

«ቀኑ እኮ አልፏል እትዬ።»

«ያለፈውማ እዚያ ለነሱ ነው» አሉኝ። «አይከልማ ገና መግባቱ ነው።»

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ገዛሁት።

የጥቅምቱ ወር መጣ፤ ሐኪሟ አልመጣችም። ነርሱን አግኝቼ ስጠይቀው መንግሥታቸው በጸጥታው ምክንያት ወደዚህ እንዳይመጡ ከልክሏቸዋል አለኝ። ኮፒ ቤት ገብቼ የጉዞ ማስጠንቀቂያውን ፈለግሁት። ካርታ አለው። የእኛ አካባቢ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ተቀብቷል፤ ጎንደርም ደባርቅም አይከልም ማክሰኝትም በአንድ ቀይ ውስጥ ናቸው። እዚያ ቀይ ውስጥ የሚያድር፣ ገበያ የሚወጣ፣ ልጅ የሚድር ሰው ያለ አይመስልም። ለአባቴ ነገርኳቸው።

«በምን ቀለም ነው ያልሽኝ?»

«በቀይ።»

«በቀይስ የሚጻፍ ሌላ ነበር» አሉና ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

በኅዳር መጨረሻ የደብሩ አለቃ የተጻፈውን ሊያዩ መጥተው አንድ ቅጠል ላይ ቆሙ። አባቴ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጽፈውታል። በሚቀጥለው ቅጠል ደግሞ ሁለት መስመር ዘለዋል። አለቃው በትሕትና ጣታቸውን ብቻ እቦታው ላይ አሳርፈው ወደ እኔ አዩ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው።

ወጣቱ የእኛው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ «ቀኝ ዓይናቸው አልቋል። በግራው የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው፤ እሱም ሩቅ አይሄድም» አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ «ጠብታውን በየቀኑ ነበር?»

«በየቀኑ» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ሦስት ብልቃጥ፣ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ።

ቤት ስንደርስ አባቴ መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ፤ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቆሜ ነበር የጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ጠብታዋን ጠዋት ያደርጓት ነበር?»

«ጠዋት ጉሮሮዬ ላይ ትመረኛለች።»

«እና?»

«እናማ፣ እየዋጥኋት ጾምሁ ልበል? ዓይን ላይ ጠብ ትላለች፣ ወዲያው በጉሮሮ ትወርዳለች። ቅዳሴ ልገባ፣ መቃ ልይዝ፣ አፌን ሽሬ?»

እንዲህ ያለ ስሕተት በሐኪሟ አገር የሚደርስ አይመስለኝም። እዚህ ግን የጾም ቀን ከፍስክ ይበዛል፤ የእኛ ቤት ሰው ደግሞ በፍስኩም ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምስም። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠዋት አንድ» ብሎ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ ነርሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

«የንስሐ አባትዎን ጠየቁ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ምነው?»

«መድኃኒት ጾም አይሽርም ይሉኛላ።»

ልቆጣ ነበር። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ጠዋቱን መተው ሦስቱን ብልቃጥ እስከ መጋቢት ቢያደርሳቸው ነው። እስከ ሐምሌ አያደርሳቸውም።

«ማታስ አባባ? ማታ ጾም የለም።»

ብራናውን በመዳፋቸው አስተካከሉት፤ የተስተካከለ ነበር።

«ልጄ፣ ስታልቅ ሌላ እንደማትመጣ አውቅ ነበር። አንቺ ፒያሳ ውለሽ ስትመለሺ ፊትሽን አያለሁ። አንድ ቀን ላድርግ አንድ ቀን ልተው፣ ለመጽሐፉ ትድረስልኝ አልሁ። ጠዋቱን ጾም ነው እያልሁ ለራሴም ቀለለኝ። ለማታው ግን የምለው አጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳቸውም። እኔም በዚያ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ያጣነውን ነገር ሁሉ ትተነው ነው ማለት እንችልበታለን። ሥጋ አልቆ ሲሆን ጾም ነው፣ ልብስ የለ ሲሆን ትሕትና ነው፣ መሄጃ የለ ሲሆን አገር መውደድ ነው። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አባቴ የምር ጿሚ ናቸው። ግን የቱ ጾም የቱ ማጣት እንደሆነ የሚለይበት መስመር ከጠፋብን ቆይቷል። ሐኪሟም በአገሯ የሚጾም ሰው ታውቅ ይሆናል። የሚጾመው ግን ከሞላ ቤት ነው።

ከኅዳር እስከ ግንቦት አባቴ በቀረቻቸው ቀዳዳ ጻፉ። የአይከሏም ስላለቀች ጠብታ አልነበረም። የተደገመውን መስመር በምላጭ ፋቁት፤ የተዘለለውን በኅዳጉ ላይ አስገቡት። እኔ ከሥራ መልስ አጠገባቸው ተቀምጬ ከአሮጌው መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ፊታቸው ብራናውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ። ግእዝ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ልጅ ሳለሁ እሳቸው ተማሪዎቻቸውን ሲያስጠኑ ከጓዳ ሆኜ የለቀምኩት ነው። ስሳሳት ሳይቆጡ ያርሙኛል። ከስንት ዓመት በኋላ ተማሪያቸው ሆንኩ፤ ያደረገኝም የዓይናቸው መጥፋት ነው።

ጥቁሩ ያለቀ ዕለት መቃቸውን ጠርገው ማኅደሩ ውስጥ አስገቡት። ቀዩን ቀለም ለመበጥበጥ ሦስት ቀን ጾሙ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጡ፤ መቃውን ነክረው አነሡ። እጃቸው ብራናው ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ክፍቱን ቦታ የሚፈልግ እጅ ነበር። አንዲት ቀይ ጠብታ ጥቁሩ መስመር ላይ ወደቀች። «ምን ላይ ነው የወደቀችው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መቃውን አስቀመጡት።

አለቃው ሌላ ጸሐፊ ይሙላው አሉ። ከአባቴ ሌላ የሚታወቀው ግን ደባርቅ ማዶ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል ተባለ። መጽሐፉ እስከዚያ እኛ ቤት ሆነ።

ባለፈው ወር ነርሱ መልእክት ላከልኝ። ከሐኪሟ ነው። ፎቶዋ አለ፤ የመኪና መሪ ይዛ ትስቃለች። «መንታዬ እንዴት ነው? የኔ ዓይን ዘንድሮም እንደነበረው ነው፣ ተመስገን በለው። መጽሐፉስ?» ትላለች። ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ፎቶውንም ነገርኳቸው።

«ማኪና ትነዳለች?»

«ትነዳለች።»

ፈገግ አሉ፤ የምር ደስ ብሏቸዋል። «ሸጋ። እኔም ደኅና ነኝ በያት። መጽሐፉን ጨርሻለሁ በያት።»

«አልጨረሱትም እኮ።»

«አምጪውና አንብቢልኝ» አሉኝ።

አምጥቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ክፍቱ ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ፤ እሳቸው ስሙን በቃላቸው አሉት። ቀጠልኩ፤ ሌላ ክፍት ቦታ፣ እሳቸው አሉት። እንዲህ እየተቀባበልን ብዙ ሄድን። በአንዱ ክፍት ቦታ ላይ ግን ቆሜ ብጠብቅ ድምፃቸው አልመጣም። ያንቀላፉ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገዋል፤ ሌባ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል።

«አባባ?»

«ቆይ አታስቸኩይኝ» አሉኝ። «እየጻፍሁት ነው።»